የነጭ ፍጅል ማስረጃ

ሄጁ ስልኳ ላይ የለቀቀችውን ጽሑፍ አጠፋችው። ገጹን ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ የለም። እፎይ ብላ መርፌዋን ልታነሳ ስትል፣ ጽሑፉ በነበረበት ቦታ ሌላ ሰው የጽሑፉን ፎቶ መልሶ ለጥፎ አየች። ከሥሩ «ነጭ ፍጅል ልታመልጥ ነበር! ግድ የለም፣ ቆዳዋን ገፍፌ ገለባ ሞልቻታለሁ» ይላል።

ስልክ ላይ አክሲዮን የምናወራው እኛ ዘንድ ገለባ መሙላት ማለት፣ አንድ ሰው የጻፈውን ከማጥፋቱ በፊት ሌላው ፎቶ አንስቶ ማስቀረት ነው። የታደነ አውሬ ቆዳው በገለባ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል፣ ያ ሰውም በገዛ ቃሉ ተሰቅሎ ይቀራል። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት የድሮ ሰዎች ኢንተርኔት ሳያዩ ይህን ማወቃቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሄጁ ግን የመገረም አቅም አልነበራትም። ሐሞቷ ፈሰሰ። መርፌውን የክር ጥቅሉ ላይ ሰካችና ሥራዋን አቆመች።

ነገሩ የተጀመረው በሙጫ ነው። ትንሽ ገንዘብ ይዘን አክሲዮን የምንገዛውን ሰዎች ትልልቆቹ ጉንዳን ይሉናል፤ እኛም ስሙን ወደነዋል። ጉንዳን ግን እርስ በርሱ አይነካከስም፤ እኛ ስልካችን ላይ ባለው የውይይት መንደር ስንነካከስ ነው የምንውለው። የኮምፒውተር ሜሞሪ ድሮ ጠፍጣፋ ነበር፤ አሁን እንደ አፓርታማ ፎቅ በፎቅ ይደራረባል። ናሩ የሚባለው ኩባንያ ፎቆቹን የሚያያይዘው በመካከላቸው ስስ ፊልም እያነጠፈ በሙቀት በመጫን ነው። ተቀናቃኙ ሚሪኔ ደግሞ ፎቆቹን ከደረደረ በኋላ ፈሳሽ ሙጫ ያፈስባቸዋል። በዚህ የተነሳ የናሩ ሰዎች «ለጣፊ»፣ የሚሪኔ ሰዎች «አፍሳሽ» ተባሉ። ቺፕ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ጡረተኞች፣ የታክሲ ሾፌሮችና የጥርስ ሐኪሞች ለሙጫ ሲሉ እናት አባት ይሰዳደባሉ። አፍሳሾቹ «ቺፓችሁ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ዓሣ ተጣመመ አሉ!» ሲሉ፣ ለጣፊዎቹ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!» ብለው ይመልሳሉ። ይህን መልስ መጀመሪያ የጻፈችው ነጭ ፍጅል ነበረች። ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሲስቅበት ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏት ሰነበተች።

ነጭ ፍጅል ታክ ሄጁ ናት። ከሴኡል በስተደቡብ፣ የናሩ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ሱሪ የምታሳጥርና ዚፕ የምትቀይር ልብስ አስተካካይ ነች። ከሱቋ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ቤቷ ናቸው። ባሏ ጊሆ ናሩ ውስጥ፣ ያውም በዚያው ሁሉም በሚጣላበት በመለጠፊያ ክፍል ይሠራል።

ጊሆ ስለ ሥራው ትንፍሽ አይልም። እዚያ የሚሠራው ነገር የአገር ምስጢር ነው፤ ያወጣ ይታሰራል፤ ሲቀጠር ፈርሟል። ሄጁም ጠይቃው አታውቅም። ዓይን ግን አላት። ሥራው ሲበላሽበት ሩዙ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስና ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ ይበላል። ሲሳካለት የአሳማ ሥጋ ጥብስ ያምረዋል፤ ቁጭ ይላል፤ ወሬ ያበዛል። ይህን ካወቀች ወዲህ ውኃ ባየች ቁጥር የናሩን አክሲዮን ትሸጣለች፣ ሥጋ በጠየቃት ቁጥር ትገዛለች። ብዙ ጊዜ ያዘላት። ለጊሆ ግን አንድም ቀን አልነገረችውም፤ ይህንንም እንደ ጥፋት ቆጥራው አታውቅም።

ማክሰኞ ማታ ጊሆ እያለከለከ ገባ። ፊቱ በርቷል። «ሥጋ እንጥበስ» አለ ጫማውን ሳያወልቅ።

«ምን ተገኘ?» አለችው፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር።

«ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ማክሰኞ።»

ጊሆ ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ ሳቀና «አዎ፣ ማክሰኞ» ብሎ ሊታጠብ ገባ። ውኃው ሥር ሆኖ አንድ የቆየ የፍቅር ዘፈን ይዘፍን ጀመር።

ሄጁ ምልክቶቹን ቆጠረች። አሥራ ስድስት ፎቅ ያለው አዲሱ የናሩ ሜሞሪ ፈተናውን ማለፍ አለማለፉ በዚያ ሳምንት እንደሚለይለት መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሥጋው፣ ዘፈኑ፣ «ቀኑን ታውቂያለሽ» ማለቱ፤ ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ? በዚያው ቅጽበት «የሚሪኔ አማች» የሚባለው የአፍሳሾች አውራ ስሟን ጠርቶ ጻፈባት። «ነጭ ፍጅል፣ አንቺ ናሩን የምታውቂው በአውቶብስ መስኮት ነው። አሥራ ስድስቱ ፎቅ ተላቋል! አልተላቀቀም ካልሽ ማስረጃ አምጪ!»

ማስረጃ የተባለ ሰው ማስረጃ ያመጣል፤ የመንደሩ ሕግ ነው። የቅጽል ስምህን በእጅህ ወረቀት ላይ ትጽፋለህ፣ ከነገርየው አጠገብ ታስቀምጣለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ። ማስረጃ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የጊሆ ስልክ ነበር። የናሩ ዘበኞች ሠራተኛ ሲገባ የስልኩን ካሜራ በስቲከር ይሸፍኑታል፤ ሲወጣ አለመነካቱን አይተው ያሳልፉታል። ሠራተኛውም ከበሩ ውጭ ስቲከሩን ይልጥና አውቶብስ መጠበቂያው ጋ ያለው ምሰሶ ላይ ይለጥፈዋል። ምሰሶው በዚህ የተነሳ ከሩቅ የበዓል ድንኳን ይመስላል። ጊሆ ግን ያን ቀን ስቲከሩን ሳይልጥ ነው የመጣው። ሄጁ ስልኩን ከሚያድርበት የጂንስ ከረጢት ግማሽ አውጥታ አረንጓዴው የልብስ መቁረጫ ሰሌዳዋ ላይ አኖረችው። የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ በነካካው ወረቀት ላይ «ነጭ ፍጅል» ብላ ጽፋ ከጎኑ አስቀመጠች። በራሷ ስልክ አነሳችው። «ይዟል። አሥራ ስድስቱም ፎቅ ይዟል። ከቤተሰብ የሰማሁት ነው» ብላ ለቀቀችው። ከዚያ ሥጋውን ጠበሰች። በአንድ እጇ ሥጋ እያገላበጠች፣ በሌላው ሙገሳዋን ታነብ ነበር።

ረቡዕ ገበያው እንደተከፈተ የናሩ አክሲዮን ሽቅብ ተተኮሰ። «እቴጌ ፍጅል!» አሏት ለጣፊዎቹ። ደስታዋ አንድ ሱሪ አሳጥራ እስክትጨርስ ድረስ እንኳ አልቆየም። የማታውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ። «ይህ ብርቱካንማ ስቲከር የሦስተኛው በር ነው። በሦስተኛው በር የሚገቡት መለጠፊያ ክፍል ያሉት ብቻ ናቸው። እመት ፍጅል፣ ያንን ቤተሰብሽን አሳሰርሽው።»

ጽሑፉን ያጠፋችው ያኔ ነው። ገለባ የተሞላችውም ያኔ ነው።

«ሄጁዬ፣ አለሽ?»

እትዬ ፒልሱን ሳታንኳኳ ገባች። ከጎን ሱቅ የሩዝ ኬክ የምትሸጥ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ሚሪኔ ላይ ያፈሰሰች፣ የለየላት አፍሳሽ ናት።

«የናንተን ፍጅል አየሽልኝ?»

ሄጁ ክው አለች። «የኛ ማለት?»

«የለጣፊዎቹ ነዋ! ጠዋት ስታስጨፍራችሁ አልነበር?» እትዬ ፒልሱን ክርኗን መቁረጫ ሰሌዳው ላይ አስደግፋ ስልኳን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች። «መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው። እስኪ እይልኝ፣ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው? አረንጓዴው?»

አሁን ከእትዬ ፒልሱን ክርን ሥር ያለው ያው ሰሌዳ ነበር። ሄጁ በእጇ የነበረውን የሰው ካፖርት አንስታ ሰሌዳው ላይ ዘረጋችው፤ ልታስተካክለው የፈለገች መስላ እጅጌውን ጎተት ጎተት አደረገችው።

«የቢሊያርድ ጠረጴዛ ይመስላል እትዬ።»

«ይሄ ነጭ ነጩስ? ጠመኔ ነው እኮ!»

«ቢሊያርድስ ጠመኔ አለው አይደል? ዱላውን የሚቀቡት።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች እትዬ ፒልሱን። ስልኳን ኪሷ ከተተች። «እኔን ያሳዘነኝ ባልየው ነው።»

«የቱ ባል?»

«የፍጅሏ ባል ነዋ! ከወንድ መሐል ራሱን ፍጅል ብሎ የሚጠራ አለ? ሚስት ናት። የባለቤቴ የአክስት ልጅ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ! ዛሬ ዶሮ ጠብሶ ይሸጣል።»

«ዶሮ መጥበስ ምን ነውር አለው?»

«ታስሮ ከወጣ በኋላ ነዋ የጠበሰው!» እትዬ ፒልሱን ልትወጣ በሩን ከፈተችና ዞር አለች። «ያንቺ ጊሆ በየትኛው በር ነው የሚገባው?»

«በዋናው» አለች ሄጁ።

«ተመስገን በይ!»

እትዬ ፒልሱን ከሄደች በኋላ ሄጁ ካፖርቱን ለማንሳት ፈራች። ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ፈተገችው፤ አልበቃ ሲላት ሰሌዳውን ገልብጣ ከአልጋ ሥር ከተተችው። የቀረውን ሱሪ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆረጠች። አንዱ እግር አጠረ።

ጊሆ ወደ ማታ ገባ። «መጣሁ» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሩዝ ጨለፈ። ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰበት። ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመ።

ሄጁ ጀርባውን እያየች ቆመች።

«ስልካችንን ሰብስበው አዩት» አለ ሩዙን እያኘከ።

«የማንን?»

«የክፍሉን ሁሉ።»

«ለምን?»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ስልኩ ራቁቱን ነበር። በገዛ እጇ ከጂንስ ቁራጭ የሰፋችለት፣ ጠርዙን በቢጫ ክር የዘመዘመችው ከረጢት የለም። ክረምት ከበጋ ሳይለየው የኖረ ከረጢት ነው። ፎቶው ላይ ጫፉ ከነቢጫ ክሩ ወጥቷል፤ ይህን ያኔ ነው ያስተዋለችው። ናሩ ውስጥ ያ ፎቶ ያልደረሰው ስልክ እንደሌለም ያኔ ነው የገባት።

ያውቃል። ባሏ ያውቃል።

ቀና ስትል ጊሆ እያያት ነበር። ሁለቱም መልሰው ስልኩን አዩ። ሄጁ ከረጢቱ የት ሄደ ማለት ነበረባት፤ ምላሷ ታሰረ። እዚህ ላይ እኔም ብሆን እቆጣታለሁ። የፈሩት ይደርሳል፤ ደርሶም ከፊቷ ቆሞ ሩዝ እየበላ ነው። «እኔ ነኝ» ብትለው ምን ነበረበት? ግን የፈራ ሰው እንዲህ ነው፤ ያላወራው ነገር ያልሆነ ይመስለዋል።

«ጥቁሩን ኮቴን ትተኩሺልኛለሽ?» አለ ጊሆ። «ነገ ስብሰባ አለ።»

ጥቁሩን ኮት የሚለብሰው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው። ሄጁ «እሺ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ስትተኩስ የካውያው እንፋሎት ዓይኗ ውስጥ ገባ ብላ ዓይኗን ጠራረገች። አንገትጌውን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። ጊሆ ለበሰው፤ እጅጌውን አይቶ «ጥሩ ነው» አለና ወጣ። አውቶብሱ እስኪታጠፍ በመስኮት አየችው። ከዚያ ሱቋን ሳትከፍት ቁጭ ብላ የሚመጣውን ሁሉ አሰበች። የፖሊስ ጫማ በሯ ላይ ተደርድሮ ታያት። ጊሆ እጁ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ሰንሰለት፣ በቴሌቪዥን ታያት። የእናቱ ፊት ታያት። አንዴ ተነስታ ጓዟን ልትሸክፍ ምንም አልቀራትም ነበር፤ የት እንደምትሄድ ስላላወቀች መልሳ ተቀመጠች።

ስልኳ ይንጫጫ ጀመር። መንደሩ እየነደደ ነው። ናሩ ራሱ በይፋ ተናግሯል፦ የአሥራ ስድስት ፎቁ ናሙና ፈተናውን አላለፈም፤ ፎቆቹ ተላቀዋል። አክሲዮኑ ቁልቁል ተወርውሯል። «ፍጅሊት የት ነሽ? እቴጌ፣ ይዟል አላልሽም?» ይላል የሚሪኔ አማች። ትናንት ያነገሧት ለጣፊዎች ከአፍሳሾቹ ብሰው ይረግሟታል። በስሟ ምለው የገዙ አሉ። አንዱ «ቤትሽን አገኘዋለሁ» ብሏታል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ብቻውን በድን ያደርጋት ነበር። አሁን ግን ከመካከሉ አንድ ነገር ብቻ ለቅማ አወጣች። አልያዘም። እንግዲያው የጻፈችው ውሸት ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ ጊሆ ምንም አልነገራትም ማለት ነው! ጫማዋን አጥልቃ፣ የሱቁን በር ሳትቆልፍ ሮጠች።

ሦስተኛው በር ላይ ያሉት ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። «እመቤቴ፣ የሠራተኛ በር ነው» አሏት።

«ነጭ ፍጅል እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ስልክ ደወሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልክዎን።» ብርቱካንማ ስቲከር ከጥቅልሉ ቀደዱና ካሜራዋ ላይ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለጠፉት። ሄጁ የዚያ ሰው አውራ ጣት ደረቷ ላይ ያረፈ ያህል ተሰማት።

የወሰዷት መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የጥበቃው ኃላፊ አቶ ጉክ ተነስተው እጅ ነሷት። ጥቁር ኮት የለበሰው ጊሆ ወንበሩ ላይ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፎቶው በወረቀት ታትሞ ተቀምጧል። ከጎኑ የጂንስ ከረጢቱ አለ።

«ይህን ባለቤትዎ ራሳቸው ናቸው ያመጡት» አሉ አቶ ጉክ ከረጢቱን እያመለከቱ። «ማስረጃ ብለው። ነጭ ፍጅል እኔ ነኝ ብለዋል።»

«ውሸት ነው! እሱ አክሲዮን በየት በኩል እንደሚገዛ እንኳ አያውቅም።»

«ሄጁ፣ ተይው» አለ ጊሆ ቀና ሳይል።

«አልተወውም! አቶ ጉክ፣ ይኸው የወረቀቱን ጽሕፈት ያስጽፉኝና ያስተያዩት። እኔ ነኝ። እሱ ምንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ዛሬ ጠዋት በይፋ ተነግሮ የለም? አልያዘም! ምስጢር ቢያወጣልኝ ኖሮ እውነቱን እጽፍ አልነበር? ውሸት የማን ምስጢር ይሆናል?»

አቶ ጉክ ትንሽ አሰቡ። «ልክ ነው፤ ከዚህ የወጣ እውነት የለም። ግን እርስዎ እንዲያው ከመሬት ተነስተው 'ይዟል' አላሉም። ምን አይተው ነው?»

መናገር ነበረባት፤ ተናገረች። ሩዝ ላይ ስለሚፈስሰው ውኃ ተናገረች። ስለ ሥጋው ተናገረች። ውኃ ስታይ እንደምትሸጥ፣ ሥጋ ሲያምረው እንደምትገዛ፣ ማክሰኞ ደግሞ ከሥጋውም አልፎ እንደዘፈነ ተናገረች። እስከ መጨረሻው ተናገረች። መሐል ላይ ጊሆ ቀና አለ። ከገባች ጀምሮ ያኔ ገና አያት።

አቶ ጉክ ወደ እሱ ዞሩ። «እንግዲህ እኔን ከጠዋት ጀምሮ የቸገረኝም ይኸው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ፎቆቹ እጃችሁ ላይ ተላቀቁ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደዋለ ሰው ነው የወጣው። እርስዎ ግን እየሮጡ ወጡ፤ ስቲከሩን ለመላጥ ምሰሶው ጋ እንኳ አልቆሙም፤ የበሩ ካሜራ ይዞታል። ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅኩዎት፤ ዝም አሉኝ። በእንዲያ ያለ ቀን ምን አስደሰተዎት?»

ጊሆ ከረጢቱን በጣቱ ነካ አደረገው። ሄጁም አንድ ነገር እንድትሰማ ሳይሆን እንዳትሰማ የፈለገች ይመስል ትንፋሿን ያዘች።

«የተጋባንበት ቀን ነበር» አለ ጊሆ። «አሥረኛ ዓመታችን። ሥራው ቢበላሽም እቤት ልድረስ ብዬ ነው።»

አቶ ጉክ ብዕራቸውን ሊጽፉበት አነሱትና ሳይጽፉ መልሰው አስቀመጡት።

ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማክሰኞ። ሄጁ የገዛ ድምፅዋን ሰማችው። ስልኩ ላይ አቀርቅራ፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ሳቁን ሰማችው። ከዚያ ዘፈኑን። ሠርጋቸው ላይ ጓደኞቹ ያዘፈኑት ነበር እኮ! ጣታቸውን እየጠቆሙ፣ እሱ እያፈረ። እንዴት ያን ዘፈን ረሳችው?

እስር ቤት የለም። አቶ ጉክ እስኪገባት ድረስ በዝግታ አስረዷት። የወጣ ምስጢር ስለሌለ ነገሩ ወደ ፖሊስ አይሄድም። ጊሆ ግን ሐሰተኛ ቃል ስለሰጠ፣ ደግሞም የቤቱ ዓይን ስላለበት፣ ከመለጠፊያ ክፍል ተነስቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ወደ ክፍሉ መቼም አይመለስም። ሄጁ «የቤቱ ዓይን» ሲሉ እሷን ማለታቸው እንደሆነ ገባት። አጎንብሳ አመሰገነች። ከረጢቱን መልሰው ሰጡት። ጊሆ ስልኩን አልከተተበትም፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጎሰጎሰው።

ሁለቱ በሦስተኛው በር ወጡ። ፀሐይ ነበር። ሄጁ ስቲከሯን ከስልኳ ላጠችና ምሰሶው ላይ ለጠፈችው፤ ተጣሞ ተለጠፈ። ካሜራው እንደተከፈተ ስልኩ እጇ ላይ ተርገበገበ፤ መንደሩ አሁንም ስሟን እየጠራ ነው። አጠፋችው።

ጊሆም የራሱን ላጠ። አልለጠፈውም። ጣቱ ላይ እንደያዘ ቆመ።

«ተናደድክ?» አለችው።

«አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ በር አፌን ዘግቼ ገብቼ፣ አፌን ዘግቼ ወጥቻለሁ» አለ። «ከእናቴም፣ ከጓደኞቼም ጋር ስሆን እንዲሁ። ፊቴን የምፈታው እቤት ስገባ ብቻ ነበር። ለካ ይሄን ፊቴም ላይ መለጠፍ ነበረብኝ።»

ስቲከሩን ምሰሶው ላይ ለጠፈና በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

አውቶብሱ ሲመጣ ከኋላ ተቀመጡ። ሄጁ ብዙ ነገር ልትል ፈለገች። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። አንድ ፌርማታ፣ ሌላ ፌርማታ አለፈ። በመጨረሻ በትንሽ ድምፅ «ምን ልሥራልህ ማታ?» አለችው።

ጊሆ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «ያገኘሽውን» አለ።

ዞር ብላ ፊቱን አየችው። ግንባሩን፣ የዓይኑን ጥግ፣ የከንፈሩን ጫፍ፣ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ አየች። ተቆጥቶ እንደሆን፣ አዝኖ እንደሆን፣ ይቅር ብሏት እንደሆን ምንም የሚነበብ አልነበረም። ፊቱ ስቲከር የተለጠፈበት ያህል ተሸፍኗል። ሄጁ ከረቡዕ ጀምሮ ፖሊስ ስትፈራ፣ ስድብ ስትፈራ፣ ጎረቤት ስትፈራ ነበር። እንደ አሁኑ ግን አንድም ጊዜ አልፈራችም።